አዲስ የኮይ ኩሬ፦ ውሃው አረንጓዴ ሆነ፣ ዓሣዎቹም ጠዋት ጠዋት አፋቸውን ወደ ላይ ያወጣሉ

ጀማሪው

ሰላም ለሁላችሁ። ኮይ ስለሚባለው ባለ ቀለም የጌጥ ዓሣ ኩሬ የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ።

ኩሬው 3 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ወርድ፣ 90 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አለው። ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው፤ ውስጡ ጥቁር የጎማ ሸራ ተነጥፎበታል። ውሃ ከተሞላ 4 ሳምንት ሆኖታል። ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚደርሱ 12 ኮይ ዓሣዎች የገቡት ውሃው በተሞላ በ3ኛው ቀን ነው። ፓምፑ ካርቶኑ ላይ «በሰዓት 3000 ሊትር» ይላል። ውሃውን ከስር ስቦ ከኩሬው ዳር ከፍ ብሎ ወደተቀመጠ የማጣሪያ ሳጥን ይልካል፤ ሳጥኑ ውስጥ 3 ስፖንጅና አንድ ከረጢት የፕላስቲክ ቁርጥራጭ አለ።

የማደርገው ይኸው ነው፦ ማታ ድምፁ ስለሚረብሽ ፓምፑን አጠፋለሁ፣ ጠዋት አበራዋለሁ። ስፖንጆቹን በየ3 ቀኑ ከቧንቧ ስር ጥርት እስኪሉ አጥባለሁ። ምግብ በቀን 3 ጊዜ እሰጣለሁ፤ ሲመዘን በቀን ወደ 50 ግራም ይሆናል። ውሃው ሲጎድል ከቧንቧ በጎማ እሞላዋለሁ።

ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ውሃው አረንጓዴ ከመሆኑ የተነሳ እጄን እስከ ክንዴ ሳስገባ ጣቶቼ አይታዩኝም። ጎህ ሲቀድ ደግሞ ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ከፈት ዘጋ ያደርጋሉ። ፓምፑን ስከፍተው ውሃው የሚወርድበት ጥግ ላይ ተጠጋግተው ይቆማሉ፤ ረፋድ ላይ ይተዋሉ። እስካሁን አንድም አልሞተም። ውሃውን ሙሉ በሙሉ ደፍቼ እንደ አዲስ ብሞላው ይሻላል? ወይስ አረንጓዴውን የሚያጠፋ መድኃኒት ልጨምር?

የውሃ ሰው

አይድፉት፤ መድኃኒትም አይጨምሩ። ዛሬውኑ የሚደረገውን ላስቀድም።

ፓምፑ ከእንግዲህ ሌሊትም ቢሆን አይጥፋ። ምግብ ለ3 ቀን ያቁሙ፤ ጤነኛ ኮይ ለሳምንት ቢጾም እንኳ ምንም አይሆንም። ስፖንጆቹን አይንኩ። ከተቻለ ዛሬ ማታ ሳይመሽ የአየር ፓምፕ ከነአየር ድንጋዩ (አየሩን ወደ ጥቃቅን አረፋ ከሚበትነው ጋር) ያስገቡ፤ ለዚህ መጠን በደቂቃ ከ30 እስከ 40 ሊትር አየር የሚገፋ ይበቃል። የአሞኒያ፣ የናይትራይት፣ የፒኤች (የውሃው አሲዳማነት ልክ) እና ኬኤች የሚባለውን የካርቦኔት ጥንካሬ የሚለካ መመርመሪያ ያግኙ። በብልቃጥ ውስጥ ጠብታ እየተንጠባጠበ ቀለሙ የሚታየው ዓይነት ይሁን፤ ውሃ ውስጥ የሚነከረው ወረቀት ግምት ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ብዙዎቹ ላይም አሞኒያ የለም።

አሁን ምክንያቱ። ዓሣ ከስንጥቡ፣ ማለትም ከሚተነፍስበት አካል፣ ቀን ከሌት አሞኒያ ያወጣል። አሞኒያ መርዝ ነው። ማጣሪያው ውስጥ ስፖንጁና ፕላስቲኩ ላይ የሚለጠፉ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል፤ ናይትሬት በብዙ መጠን ካልተከማቸ በቀር ዓሣውን አይጎዳም፤ አልጌ (ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ደቃቅ ነገር) እና ተክል ይመገበዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ራሳቸውን የሚያባዙት ቀስ ብለው ነው። ውሃው ከ20 ዲግሪ በላይ ከሆነ ማጣሪያው እስኪበስል ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል፤ ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ ጭራሽ የቆመ ያህል ነው። ኮይ አረባለሁ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚያረባው እነሱን ነው። እነሱ ከተመቻቸው ዓሣው ይመቸዋል።

የእርስዎ ባክቴሪያዎች ደግሞ በየ3 ቀኑ እየሞቱ ነው። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ክሎሪን አለ፤ ክሎሪን የተጨመረውም ባክቴሪያ እንዲገድል ነው። ስፖንጁ ላይ የሚያዩት ቡናማ ልጋግ ቆሻሻ ይመስላል እንጂ ማጣሪያው ራሱ እሱ ነው። ጥርት እስኪል ሲታጠብ የ3 ቀን ሥራ ወደ ዜሮ ይመለሳል።

ፓምፑን ማታ ማጥፋት ከዚህም ይከፋል። ባክቴሪያዎቹ ኦክስጅን የሚያገኙት ከሚያልፍባቸው ውሃ ነው። ውሃው ሲቆም ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጨርሱና መሞት ይጀምራሉ። ጠዋት ፓምፑ ሲነሳ ያ ታፍኖ ያደረ፣ ኦክስጅን አልባ ውሃ በሙሉ ወደ ኩሬው ይገባል። ሰዓቱ ደግሞ ኩሬው ራሱ ኦክስጅን ያጣበት ሰዓት ነው፤ ምክንያቱም አረንጓዴው አልጌ ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ቢሰጥም ሌሊት እንደ ማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር ይተነፍሳል፣ ማለትም ኦክስጅን ይወስዳል። ከሌሊቱ ሁሉ የከፋው ሰዓት ጎህ ሲቀድ ነው። ዓሣዎቹ አፋቸውን የሚያወጡት ለዚህ ነው፤ ረፋድ ላይ አልጌው ፀሐይ ሲያገኝ ይተዋሉ።

ውሃውን ደፍተው ቢሞሉት አልጌው በ10 ቀን ይመለሳል፤ ዓሣዎቹ ላይ ደግሞ የክሎሪንና የሙቀት ድንጋጤ ይደርሳል። አልጌ የሚገድል መድኃኒት ቢጨምሩ የሞተው አልጌ ሲበሰብስ የቀረውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ባንድ ሌሊት 12ቱንም ሊያጡ ይችላሉ።

የቱቦ ባለሙያ

የውሃ ሰው ያለው ላይ ስለ ፓምፑ አንድ ነገር ልጨምር፤ ጀማሪዎች ሁሌ የሚሳሳቱበት ነውና።

ካርቶን ላይ ያለው ቁጥር ፓምፑ ውሃውን ከፍ ሳያደርግ፣ ያለ ቱቦ የሚሰጠው ነው። 1.5 ሜትር ሽቅብ ሲገፋ፣ ቱቦው ሲጠብ፣ ክርን ሲበዛ ግማሽ ሊደርስ ይችላል። ግምቱን ተወውና ለካው፦ ባለ 10 ሊትር ባልዲ ከማጣሪያው ውሃ የሚወርድበት ስር ያዝና በስልክህ ሰዓት ቁጠር። በ12 ሰከንድ ከሞላ በሰዓት 3000 ሊትር ነው። በ24 ሰከንድ ከሞላ 1500 ብቻ ነው።

ኩሬህ 3 በ2 በ0.9 ነው፤ 5400 ሊትር። ለኮይ ሙሉው ውሃ በየ1 ሰዓት፣ ቢዘገይ በየ1 ሰዓት ተኩል ማጣሪያው ውስጥ ማለፍ አለበት። ባልዲው ከ7 እስከ 10 ሰከንድ ባለው ጊዜ ሲሞላ ነው ደህና የሚባለው። የአንተ በየትኛውም ሁኔታ ያንሳል። ፓምፕ ስትቀይር ከካርቶኑ ላይ የከፍታ ሠንጠረዡን ተመልከት፤ በ1.5 ሜትር ከፍታ በሰዓት 5000 ሊትር የሚሰጠውን ምረጥ። ቱቦውም ውስጡ 40 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይሻላል፤ በ25 ሚሊ ሜትር ቱቦ ትልቅ ፓምፕ መግጠም ጉልበቱን ማባከን ነው። የሚወርደው ውሃ ከኩሬው ፊት ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እየተንጣለለ ይውደቅ፤ ያኔ አየር ይዞ ይገባል።

ድምፁ ከረበሸህ ፓምፑን ከሸራው ላይ አንስተህ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ቁራጭ ላይ አስቀምጠው። አብዛኛው ድምፅ የሚመጣው ከንዝረቱ ነው።

እግረ መንገዴን፦ ውሃና መብራት አንድ ቦታ ስላሉ መስመሩ ላይ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲኖር የሚቆርጥ ባለ 30 ሚሊ አምፒር ብሬከር መኖሩን አረጋግጥ። ከሌለ እጅህን ውሃ ውስጥ ከማስገባትህ በፊት ሶኬቱን ንቀል።

አበባ በኩሬ

ለክሎሪኑ ቀላሉ ነገር ውሃውን በበርሜል ቀድቶ ማሳደር ነው፤ በ24 ሰዓት ይተናል። መድኃኒት መግዛት አያስፈልግም።

የውሃ ሰው

አበባ፣ ያልሽው ለተራ ክሎሪን ልክ ነው፤ በተለይ በርሜሉ ውስጥ የአየር ድንጋይ ከተጨመረ። ነገር ግን ብዙ የከተማ ውሃ ማጣሪያ ጣቢያዎች ክሎራሚን ይጠቀማሉ፤ ክሎሪንና አሞኒያ የተጣበቁበት ማለት ነው። እሱ በማሳደር አይወጣም። የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ ማክሸፊያ መጨመሩ ይሻላል።

ሶዲየም ቲዮሰልፌት የሚባለው ነጭ ክሪስታል ለክሎሪን ይበቃል። ውሃው ውስጥ 1 ሚሊ ግራም በሊትር ክሎሪን ካለ ለ1000 ሊትር 7 ግራም ይፈልጋል። ለጥንቃቄ ለ1000 ሊትር አዲስ ውሃ 15 ግራም ቢደረግ እስከ 2 ሚሊ ግራም ድረስ ያከሽፋል። ትንሽ መብዛቱ አይጎዳም። ክሎራሚን ከሆነ ግን ቲዮሰልፌት ክሎሪኑን ያከሽፍና አሞኒያውን ይለቀዋል፤ ስለዚህ አሞኒያውንም የሚይዝ ለዓሣ የተሠራ ማክሸፊያ መጠቀም ነው። ውሃው በቀጥታ በጎማ የሚገባ ከሆነ ማክሸፊያው ጎማው ከመከፈቱ በፊት ኩሬው ውስጥ ይገባል፤ መጨረሻ ላይ አይደለም።

ጀማሪው፣ በትነት የጎደለውን መሙላት ውሃ መቀየር እንዳልሆነም ይወቁ። የሚተነው ንጹሁ ውሃ ነው፤ ቆሻሻውና ናይትሬቱ ይቀራል፤ እየሞሉ ሲሄዱ ይከማቻል። መቀየር ማለት አውጥቶ መሙላት ነው።

ጀማሪው

አመሰግናለሁ። ፓምፑ ከትናንት ጀምሮ አልጠፋም፤ የአየር ፓምፕም ገብቷል። ዛሬ ጠዋት አፋቸውን ያወጡት 3 ብቻ ነበሩ። ባልዲው በ21 ሰከንድ ነው የሞላው።

መለኪያውም ደርሷል። ሙቀት 23 ዲግሪ። አሞኒያ 1 ሚሊ ግራም በሊትር። ናይትራይት 0.5። ኬኤች 4 ዲግሪ። የገረመኝ ፒኤች ነው፤ ጠዋት 7.6 ነበር፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ስለካ 8.6 ሆነ። መለኪያው ተበላሽቶ ይሆን? ከቧንቧ የቀዳሁት ውሃ ኬኤች 6 ነው።

የውሃ ሰው

መለኪያው ደህና ነው። በሁለት የተለያየ ሰዓት መለካትዎ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው አንዴ ለክቶ ይተወዋል።

አልጌ ቀን ሲመገብ ከውሃው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃን አሲዳማ ያደርጋል፤ ሲወሰድ ፒኤች ይወጣል። ሌሊት ሁሉም ሲተነፍስ ይመለስና ፒኤች ይወርዳል። ይህን ውጣ ውረድ የሚያረጋጋው ኬኤች ነው፤ የእርስዎ ዝቅ ያለ ስለሆነ በቀን 1 ሙሉ ቁጥር ይዘላል።

ይህ ለአሞኒያው ምን ማለት እንደሆነ ይመልከቱ። መለኪያው የሚያሳየው ጠቅላላውን ነው። ከዚያ ውስጥ ስንጥብ የሚያቃጥለው ነጻ አሞኒያ የሚባለው ክፍል ነው፤ መጠኑን የሚወስኑት ደግሞ ፒኤችና ሙቀት ናቸው። በ23 ዲግሪ ፒኤች 7.6 ሲሆን ከጠቅላላው ነጻ የሆነው ከመቶ 2 ያህል ነው። ፒኤች 8.6 ሲሆን ከመቶ 16 ይደርሳል። ያው 1 ሚሊ ግራም አሞኒያ ከሰዓት በኋላ 8 እጥፍ ይመርዛል ማለት ነው። 0.16 ሚሊ ግራም ነጻ አሞኒያ ለኮይ ብዙ ነው፤ ሲቆይ ስንጥባቸውን ያበላሻል። ስለዚህ ጠዋት በኦክስጅን፣ ከሰዓት በኋላ በአሞኒያ እየተቸገሩ ነው የሰነበቱት።

አሞኒያው ከየት እንደመጣም በስሌት ይታያል። 12 እንዲህ ያሉ ዓሣዎች አንድ ላይ ቢመዘኑ ግማሽ ኪሎ ያህል ናቸው። በዚህ ሙቀት በቀን ከክብደታቸው ከመቶ 2 ቢበሉ ይበቃቸዋል፤ 10 ግራም። የሚሰጣቸው 50 ነው። 35 ከመቶ ፕሮቲን ያለው 100 ግራም ምግብ ወደ 3.2 ግራም አሞኒያ ይሆናል። 50 ግራሙ 1.6 ግራም ነው፤ በ5400 ሊትር ሲካፈል በየቀኑ 0.3 ሚሊ ግራም በሊትር ይጨመራል። የበሰለ ማጣሪያ በሌለበት አልጌው ባይበላው ኖሮ ቁጥርዎ ከዚህ በጣም ይበልጥ ነበር። እንግዲህ አረንጓዴው ውሃ ሳይታወቅዎ ሲያግዝዎት ቆይቷል፤ ከመቸኮል ይልቅ ለጊዜው ቢታገሡት የምለውም ለዚህ ነው።

ከነገ ጀምሮ እንዲህ ያድርጉ። በየቀኑ 1000 ሊትር፣ ማለትም ከኩሬው 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ያውጡና ክሎሪኑ በከሸፈ ውሃ ይተኩ። ከስር ቆሻሻው ካለበት ይቅዱ። የአዲሱ ውሃ ሙቀት ከኩሬው ከ3 ዲግሪ በላይ አይራቅ፤ ጎማውን በቀጭኑ ከፍተው ከ2 እስከ 3 ሰዓት ፈጅቶ ቢሞላ ችግር የለም። አሞኒያው ከ0.5 በታች እስኪወርድ በየቀኑ ይቀጥሉ፤ ከዚያ በየ2 ቀኑ።

ለናይትራይቱ ጨው። ናይትራይት በስንጥብ በኩል ደም ውስጥ ገብቶ ደሙን ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል፤ ስንጥቡ ከቀይ ወደ ቡና ዓይነት ይቀየራል፤ ውሃው ውስጥ ኦክስጅን ሞልቶ እያለ ዓሣው ይታፈናል። ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ በዚያው በር ቀድሞ ስለሚገባ ናይትራይቱን ያግደዋል። ለ1000 ሊትር 1 ኪሎ፤ ለእርስዎ 5.4 ኪሎ። አዮዲን የሌለውና እንዳይጋገር የሚደረግ ነገር ያልተቀላቀለበት ጨው ይሁን። ባልዲ ውስጥ በኩሬው ውሃ አሟምተው በ2 ቀን ከፍለው ውሃው በሚወርድበት ቦታ ያፍስሱ። ጨው አይተንም፤ የሚወጣው ውሃ ሲቀየር ብቻ ነው። ስለዚህ 1000 ሊትር በቀየሩ ቁጥር የሚመለሰው 1 ኪሎ ብቻ ነው። 5.4 ኪሎውን በየጊዜው የሚደግሙ ሰዎች ሳያውቁት ኩሬውን ባሕር ያደርጉታል። ማጣሪያው ውስጥ ዚዮላይት የሚባለው ድንጋይ ካለ ጨው ከመግባቱ በፊት ያውጡት፤ ጨው ሲነካው የያዘውን አሞኒያ መልሶ ይተፋዋል።

ኬኤቹን በሶዲየም ባይካርቦኔት፣ በቤኪንግ ሶዳ ማለት ነው፣ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ለ1000 ሊትር 30 ግራም 1 ዲግሪ ይጨምራል። አሁን ግን አይጨምሩ። ሶዳ ፒኤቹን ወደ 8.3 ይስበዋል፤ ጠዋት ላይ ያለውን እረፍት ይነሳቸዋል። አሞኒያው ከ0.5 ሲወርድ፣ ያኔ በቀን 160 ግራም ለ3 ቀን ያድርጉ፤ ኬኤች 7 አካባቢ ይደርሳል። ቧንቧው 6 ስለሆነ የውሃ ቅየራውም ራሱ ያግዛል።

ይህን ደግሞ ማጣሪያው ከበሰለ በኋላም አይርሱት፦ ባክቴሪያዎቹ አሞኒያውን ሲለውጡ ኬኤች ይበላሉ። ውሃ ሳይቀየር ወራት ካለፈ ኬኤች ወደ ዜሮ ይወርድና ፒኤች ባንድ ሌሊት ከ7.5 ወደ 5.5 ሊወድቅ ይችላል። ጥርት ባለ ውሃ ውስጥ ዓሣ በጅምላ ሲሞት ከሚታይባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

የቱቦ ባለሙያ

21 ሰከንድ ማለት በሰዓት 1700 ሊትር ገደማ ነው። ሙሉው ውሃ ለመዞር ከ3 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ፓምፑ ይቀየር፤ አሮጌውን አትጣለው፣ ውሃ ለማውጣትና ለመጠባበቂያ ይሆናል።

መብራት ሲጠፋ ምን ይደረግ ብለህ ሳትጠይቅ ልንገርህ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይኑርህ፤ ዓሣውን የሚያተርፈው እሱ ነው። ፓምፑ ከ4 እና 5 ሰዓት በላይ ቆሞ ከቆየ መብራት ሲመጣ ዝም ብለህ አታስነሳው። መጀመሪያ የማጣሪያውን ሳጥን ከስር ከፍተህ ውሃውን አትክልት ላይ ድፋው። ሽታው እንደ ተበላሸ እንቁላል ከሆነ ስፖንጆቹን በኩሬ ውሃ ለቅለቅ አድርግና ከዚያ አስነሳ።

የስፖንጁን አስተጣጠብ በተመለከተ፦ ባልዲ ውስጥ ከኩሬው ውሃ ቅዳ። አንዱን ስፖንጅ ብቻ አውጣና 3 ወይም 4 ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ አድርገህ መልሰው። ሲመለስ ቡናማ መሆኑ አይቅር፤ ውሃ እንዲያሳልፍ ብቻ ነው የተፈለገው። ሌላኛውን ከ2 ሳምንት በኋላ። የፕላስቲኩን ከረጢት በዓመት 1 ወይም 2 ጊዜ በዚያው በኩሬ ውሃ ከማለቅለቅ በቀር ባትነካው ነው የሚሻለው። ከፓምፑ የሚመጣው ውሃ መጀመሪያ ስፖንጁን፣ ቀጥሎ ፕላስቲኩን እንዲያገኝ መሆኑንም እይ፤ ተገልብጦ ከሆነ ዓይነ ምድሩ ፕላስቲኩን ይደፍነዋል።

ከስር ጠጠር ካለ አውጣው። ውብ ነው፤ ግን መካከሉ የሚጠራቀመው ዝቃጭ ኦክስጅን ይበላል፣ ለተውሳክም መደበቂያ ይሆናል። ባዶ ሸራ በመረብ ይጠረጋል፣ ጠጠር አይጠረግም።

አበባ በኩሬ

ስለ ክሎራሚኑ ተምሬያለሁ፣ አመሰግናለሁ። እኔ ደግሞ ስለ ተክልና ስለ ምግቡ ላክል።

ጥላ አልጌውን ያዳክመዋል፤ ከኩሬው ፊት ግማሽ ያህሉ ጥላ ቢያገኝ ጥሩ ነው። ግን ኮይ አፈር እየማሰ የሚበላ ዓሣ ስለሆነ የውሃ አበባ ማሰሮውን ይገለብጠዋል። ማሰሮው ሰፊና ከባድ ይሁን፣ አፉ ላይ የጡጫ ያህል ድንጋዮች ይደርደሩበት። ጨው ባለበት ውሃ ተክል ይጎዳል፤ ስለዚህ ጨዉ በውሃ ቅየራ እስኪወጣ ድረስ ተክል አያስገቡ። ለጊዜው ከላይ የጥላ መረብ ቢወጠር ይሻላል፤ ወፍና ድመትንም ይከለክላል።

ኮይ ጨጓራ የለውም፤ ያኘከው በቀጥታ ወደ አንጀት ነው የሚሄደው። አንዴ ብዙ ቢሰጠው ሳይፈጭ ይወጣል። ስለዚህ ከ3ቱ ቀን ጾም በኋላ በቀን 10 ግራሙን በ2 ወይም በ3 ከፍለው ይስጡ፤ በ3 ደቂቃ ያልተበላው በመረብ ይውጣ። መጠኑን የሚወስነው ቴርሞሜትሩ ነው። ውሃው ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ከሆነ በደንብ ይበላል። ከ15 እስከ 20 ከሆነ በቀን አንዴ ይበቃል። ከ10 እስከ 15 ከሆነ በስንዴ ጽንስ የተሠራ ቀለል ያለ ምግብ በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ። ከ10 በታች ምንም። ከ30 ሲያልፍ ደግሞ ይቀነሳል፤ ሙቅ ውሃ ብዙ ኦክስጅን አይዝም፣ በልቶ ለመፍጨት ደግሞ ኦክስጅን ያስፈልገዋል። ማጣሪያው እስኪበስል ግን ሙቀቱ ምንም ይሁን ከ10 ግራሙ አይለፉ። ዓሣዎቹ ሰው ሲያዩ ዳር ድረስ መጥተው ይለምናሉ፤ ልማዳቸው ነው፣ ርቧቸው አይደለም።

ጀማሪው

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ሁሉንም ጽፌ ይዣለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። አረንጓዴው በመጨረሻ በምን ይጠፋል? ደግሞ ነጭ በጥቁር የሆነ 2 ዓሣ ልጨምር አስቤ ነበር፤ መቼ ነው የሚቻለው?

የውሃ ሰው

አረንጓዴውን የሚያጠራው የዩቪ (አልትራቫዮሌት የሚባል በዓይን የማይታይ ጨረር የሚያወጣ) መብራት ነው። ለ5400 ሊትር 18 ዋት ያህል ይበቃል። ከፓምፑ በኋላ፣ ከማጣሪያው በፊት ባለው ቱቦ ላይ ይገጠማል፤ ውሃው በመብራቱ አጠገብ ሲያልፍ ተንሳፋፊው አልጌ ይሞታል፣ እየተጣበቀ ስፖንጁ ላይ ይቀራል። በሳምንት ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ መሬቱ ይታይዎታል። ግድግዳው ላይ የሚያድገውን ክር የመሰለ አልጌ አይነካውም፤ እሱ በእንጨት እየተጠቀለለ ነው የሚወጣው። ግድግዳው ላይ ያለውን አጭርና ለስላሳ አረንጓዴ ግን ይተዉት፤ ዓሣዎቹ ይግጡታል፣ ውሃውንም ያጠራል። አምፖሉ እየበራ ቢሆንም በ12 ወር ይቀየር፤ የሚታየው ብርሃን ይቆያል እንጂ የማይታየው ጨረር ይደክማል። በውስጡ ያለው የመስታወት ቱቦ ላይ ነጭ ኖራ ሲጋገርበት በሆምጣጤ ይጠረግ። የበራውን መብራት በዓይንዎ አይመልከቱት፤ ዓይን ይጎዳል።

ግን አሁን አይግጠሙት። አሞኒያና ናይትራይት ለ2 ተከታታይ ሳምንት ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ፣ ያኔ ይግጠሙት። አልጌው አሁን ከሞተ የሚበላው አሞኒያ ሁሉ ኩሬው ላይ ይቀራል።

ሁለቱን ዓሣዎች በተመለከተ አይጨምሩ እላለሁ፤ እንዲያውም መቀነስ ነው የሚያስፈልገው። ኮይ ሲያድግ 60 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፤ በደንብ ከተያዘ በ2 እና በ3 ዓመት ውስጥ 35 እና 40 ሊደርስ ይችላል። ለአንድ ትልቅ ኮይ 1000 ሊትር ዝቅተኛው ነው። የእርስዎ ኩሬ የ5 ዓሣ ኩሬ ነው። 12ቱ ትንንሽ እያሉ አንድ ዓመት ይችላቸዋል፤ ከዚያ 7ቱ የሚሄዱበትን ሰፊ ኩሬ ከአሁኑ ያፈላልጉ። ነጭ በጥቁሩን ከወደዱት ከሚቀሩት 5 ውስጥ በአንዱ ፋንታ የሚመጣ ይሁን።

ሲመጣም በቀጥታ ኩሬው ውስጥ አይገባም። ከ500 ሊትር ያላነሰ ገንዳ፣ የራሱ ማጣሪያና የራሱ መረብ ያለው፣ ከላይ የተከደነ፤ አዲስ ዓሣ ዘልሎ ይወጣልና። እዚያ 4 ሳምንት ይቆያል፤ ውሃው ከ22 እስከ 24 ዲግሪ መሆን አለበት። የኮይ ሄርፒስ ቫይረስ የሚነሳው ከ16 እስከ 28 ዲግሪ ባለው ውሃ ውስጥ ስለሆነ በቀዝቃዛ ውሃ ቢያቆዩት ጤነኛ መስሎ ያልፍና ኩሬው ሲሞቅ ሁሉንም ይዞ ይሄዳል፤ መድኃኒት የለውም። በእነዚያ ሳምንታት ጎኑን ከገንዳው ጋር ሲያሽ፣ ክንፎቹን ሰብስቦ ከስር ሲቀመጥ፣ ቆዳው ግራጫ ልጋግ ሲለብስ ካዩ ተውሳክ አለበት። መልህቅ ትል ከሆነ በዓይን ይታያል፤ ከቅርፊቱ ስር የወጣ 1 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ክር ይመስላል፣ ሥሩ ቀይ ነው። ሌሎቹ ግን በማይክሮስኮፕ ካልሆነ አይለዩም፤ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ መድኃኒት ማፈራረቅ ስንጥቡንም ማጣሪያውንም ይገድላል። ከቆዳው ልጋግ በመስታወት ተወስዶ ይታይ፣ ከዚያ ይታከም።

እስከዚያው አሞኒያና ናይትራይት በየቀኑ፣ ፒኤች ጠዋትና ከሰዓት፣ ኬኤች በሳምንት አንዴ ይለኩና ከቀኑ ጋር ይመዝግቡ። አሞኒያው ወርዶ ናይትራይቱ መውጣት ሲጀምር አይደንግጡ፤ የመጀመሪያዎቹ ባክቴሪያዎች ሥራ ጀምረዋል፣ ሁለተኞቹ ገና እየተከተሉ ነው። ናይትራይቱ ከ1 ካለፈ የውሃ ቅየራውን ወደ ዕለታዊ ይመልሱ፣ ጨዉ እንዳይጎድል ይዩ። ቁጥሮቹን እዚህ ይለጥፉልን።